ኪራይ ቤት ላይ ዲሽ መትከል፦ ከደብረ ብርሃን በረንዳ በአንኮበር በኩል

ደብረ ብርሃን ላይ አፓርታማ የሚከራይ ሰው የክፍሉን ብዛት፣ የውሃውን ፈረቃና የመብራት ቆጣሪውን ነገር አጣርቶ ይጠይቃል። በረንዳው ወዴት እንደሚያይ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ለሚያይ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ከዲሹ ስፋትም ከሪሲቨሩ ዓይነትም ይቀድማል። በረንዳው በአንኮበር በኩል ከሆነ ግድግዳ ሳይበሳ፣ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ፣ ከአከራይም ጋር ቃል ሳይቀያየሙ ዲሹ በግማሽ ቀን ይተከላል። በረንዳው ጀርባውን ለአንኮበር ከሰጠ ደግሞ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ያንን ቀብድ ከመክፈል በፊት ማወቅ ይሻላል።

አንኮበር እዚህ ምን አመጣው? የአገራችን ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት የሚሰራጨው ኤስኢኤስ የተባለው ኩባንያ በሚያስተዳድረው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሟል። ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለሚያየው፣ ከሰሜን ተነስተው በምሥራቅ በኩል ሲቆጥሩ 118ኛው ዲግሪ ላይ ይውላል። ይህ ከምሥራቅ 28 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ አቅጣጫ ነው። አንኮበር ከተማም ከደብረ ብርሃን ስትታይ በዚሁ መስመር ላይ ናት፤ ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ሁለት ዲግሪ ነው። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ የአውቶቡሱን መውጫ አትከተሉ። ስልካችሁ ካርታ ላይ ከቤታችሁ እስከ አንኮበር ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና መስመሩ በየትኛው የሕንፃው ጎን እንደሚወጣ እዩ። የዲሹ ቦታ ያለው በዚያ ጎን ነው።

ሌሎቹ ሳተላይቶች በሌላ በኩል ናቸው። 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያሉት የዓረብሳት ባድር ሳተላይቶች ከደብረ ብርሃን 235 ዲግሪ ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚያዩበት አቅጣጫ ይገኛሉ። 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለው ናይልሳት 261 ዲግሪ ላይ፣ ፀሐይ መጥለቂያው አካባቢ ነው። ኢትዮሳትንና ናይልሳትን በአንድ ዲሽ፣ በሁለት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰረው ሲግናል መቀበያ) እይዛለሁ የሚል ሐሳብ ካለ እዚሁ ላይ ይቁም። ሁለት ኤልኤንቢ ጎን ለጎን የሚሠራው በጥቂት ዲግሪ ለሚራራቁ ሳተላይቶች ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን በ64 ዲግሪ ተራርቀው አንዱ በጠዋት ፀሐይ፣ ሌላው በማታ ፀሐይ በኩል ናቸው። ሁለቱንም የሚፈልግ ሁለት ዲሽ ይተክላል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ሰው ኢትዮሳትን 119 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ፍቼ ያለው ደግሞ 117 ላይ ያገኘዋል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለሰሜን ሸዋ ከተሞች በሙሉ ይሠራል። ለእነሱ የማይሠራው የአንኮበሩ ምልክት ብቻ ነው፤ ከፍቼ ሲታይ አንኮበር ሌላ አቅጣጫ ላይ ስለሆነች እዚያ ኮምፓስ ይያዝ።

አቅጣጫው ግማሹ ነገር ነው። ብዙ ተከራይ የሚሳሳተው በከፍታው ነው። ኢትዮሳት ከደብረ ብርሃን ሲታይ ከአድማሱ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ አናት የተጠጋ ነው። «ፊት ለፊቴ ትልቅ ሕንፃ ተሠርቷል፣ ዲሽ አይሠራልኝም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት ነው ተስፋ የቆረጠው። ከዲሻችሁ በ10 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ከራቀ ሳተላይቱን አይከልልም። የሚከልለው ከራሳችሁ በላይ ያለው በረንዳ ነው። የላይኛው ፎቅ ሶሌታ ወደ ውጭ ወጥቶ ዲሹን ከጋረደው ሰማዩ ሁሉ ክፍት ሆኖ እንኳ ምንም አይገባም።

ይህን በሜትር መለካት ይቻላል። ከዲሹ የላይ ጫፍ እስከ ላይኛው ሶሌታ 2 ሜትር ክፍተት አለ እንበል። በረንዳው ትክክል ወደ አንኮበር የሚያይ ከሆነ የዲሹ ጫፍ ከሶሌታው ጠርዝ እስከ 85 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ቢገባም ይሠራል። ወደ ምሥራቅ ለሚያይ በረንዳ ይህ ልክ ወደ 75 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ ለሚያይ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ክፍተቱ 1 ሜትር ከሆነ ሁሉም በግማሽ ይቀንሳል። ዲሹን ከበረንዳው ብረት ውጭ አውጥቶ መያዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ከሶሌታው ጠርዝ ካለፈ ምንም የሚጋርደው የለም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያይ በረንዳም ዲሹ ወደ ውጭ ከወጣ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያየው ግን ለኢትዮሳት አይሆንም፤ ሕንፃው ራሱ መሃል ይገባል።

ልኬቱ ለሚከብደው ፀሐይዋ ራሷ ታሳያለች። በመስቀል ሰሞን፣ መስከረም 17 አካባቢ፣ ጠዋት 5 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ፀሐይ ከደብረ ብርሃን ስትታይ ልክ ሳተላይቱ ያለበት ነጥብ ላይ ትደርሳለች። መጋቢት 7 አካባቢም ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ10 ላይ እዚያው ትመለሳለች። በእነዚያ ቀናት፣ ሁለት ሦስት ቀን ወዲህም ወዲያም ቢሆን፣ ዲሹን ልታደርጉበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ አንድ ዱካ አቁሙና በሰዓቱ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እንደምታርፍበት እዩ። ካረፈችበት ቦታው ክፍት ነው፤ ጥላ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ፀሐይዋን ራሷን ማየት አያስፈልግም፣ ዓይን ይጎዳል። ናይልሳት የሚፈልግ ሰው በነዚያው ቀናት ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ በምዕራብ በኩል ያለውን ቦታ እንዲሁ ይፈትሽ። ዲሽ ቀድሞ ለተከለም ይህ እውቀት ይጠቅማል፦ በነዚህ ቀናት፣ በዚያች ሰዓት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢሰባበር ፀሐይ ከሳተላይቱ ኋላ ሆና ስለምትረብሽ ነው። ባለሙያ አትጥሩ፣ ዲሹንም አትነካኩ።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ፈቃድ ይመጣል። ባለቤቱ በፍጹም ሳይነገረው የሚተከል ዲሽ ሲወጡ ለሚነሳው ጭቅጭቅ ዋነኛ መነሻ ነው። አነጋገሩ ቀላል ነው፦ «እትዬ፣ ግድግዳ አልበሳም። በበረንዳው ብረት ላይ በማሰሪያ ነው የሚያዘው፣ ስወጣ ይነሳል።» ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚሰማው ሰው የሚፈልገው፦ ግድግዳው አይበሳም፣ ጣሪያው አይረገጥም፣ ሲወጣ እንደነበረ ይመለሳል። ቃሉ ከውሉ ጀርባ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግን የአከራዩ እሺታ ብቻ አይበቃም። በጋራ ህንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት እንደ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ያለው የጋራ ነው፤ ከበረንዳችሁ ክልል የሚወጣ ነገር ካለ የሕንፃውን ማኅበር ማነጋገር ግድ ነው። ከታች ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ካለ ይህ ከሕግም በላይ የሕሊና ጉዳይ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የሚወድቅ ዲሽ ሰው ይገድላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሳሎኑን ዙሩ። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ ከጣሪያ እስከ ሳሎን የተዘረጋ የኬብል ቱቦ አላቸው፤ ግድግዳው ላይ ባዶ ክዳን ወይም የቲቪ ሶኬት ካያችሁ ክፈቱት። ውስጡ ኬብል ካለ ምናልባት ጣሪያው ላይ የጋራ ዲሽ አለ። ከሌለም፣ ጎረቤት ቀድሞ ከተከለ አንድ ዲሽ ለሁለትና ለሦስት ቤት ማካፈል ከሦስት ዲሽ ይሻላል። ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ ገዝቶ ለየቤቱ የራሱን ኬብል መሳብ ንጹሑ መንገድ ነው። የምታዩዋቸው ጣቢያዎች ሁሉ በአግድም ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) እና ከ11,700 ሜጋኸርዝ በታች ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ አንዱን ኬብል ለብዙ በሚያካፍል ርካሽ ስፕሊተርም ይሠራል፤ ሁሉም ሪሲቨር ከኤልኤንቢው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ነውና። ሆኖም ስፕሊተሩ በሁሉም መውጫዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በአንዱ ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ የዚያ ቤት ሰው ሪሲቨሩን ሲነቅል የሁላችሁም ቴሌቪዥን ይጠፋል። ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ያለው ተከራይም ዋናው መፍትሔው ይኸው ነው፤ በአንኮበር በኩል ካለው ጎረቤት ኬብል መሳብ።

አሁን ወደ አያያዙ። ግድግዳ አትብሱ የምለው ለአከራይ ብዬ ብቻ አይደለም። የአፓርታማው ግድግዳ አብዛኛው ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ የፊቱ ገጽ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ይወፍራል። ፊሸር ገብቶ ቡሎን ሲጠብቅ መጀመሪያ የያዘ ይመስላል። ነፋሱ ዲሹን ለወራት ሲያወዛውዘው ግን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ አንድ ቀን ተነቅሎ ይወርዳል። መብሳት የግድ ከሆነ ኮለን ወይም ቢም ላይ ይሁን። በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ነው።

የነፋሱን ጉልበት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 90 ሳንቲሜትር ዲሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታ፣ በደብረ ብርሃን ስስ አየር እንኳ ወደ 27 ኪሎ የሚደርስ ግፊት ይሸከማል። 60 ሳንቲሜትሩ በዚያው ነፋስ የሚሸከመው ወደ 12 ኪሎ ነው። ለኢትዮሳት 60 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ 80 ወይም 90 የሚመረጠው ለክረምቱ ዝናብ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። በረንዳ ላይ ለሚተክል ተከራይ ምክሬ 60ው ወይም 80ው ነው። ናይልሳት ግን ዋና ጨረሩ ሰሜን አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ያተኮረ ስለሆነ ትልቅ ዲሽ ይጠይቃል፤ ያንን በረንዳ ላይ መያዝ ሌላ ሥራ ነው።

የበረንዳው አጥር ፌሮ ወይም ቱቦላሬ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ዩ ቡሎን፣ አራት ዳዶ፣ አራት ሮንደላና ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሜትር የማይሞላ የብረት ቱቦ ያስፈልጋል። ቱቦውን በሁለቱ ዩ ቡሎኖች ከአጥሩ ቋሚ ብረት ጋር እሰሩት። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ ቢያንስ በ40 ሳንቲሜትር ተራርቀው። በአንድ ማሰሪያ ብቻ የተያዘ ቱቦ ይዞራል። በቱቦውና በአጥሩ መካከል የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ አስገቡ፤ ቀለሙን ከመፋቅ ይጠብቃል፣ ዝገትም በአጥሩ ላይ እንዳይወርድ ያደርጋል። የተቆረጠውን የቱቦ ጫፍ አንቲራስት ቀቡና በክዳን ወይም በናስትሮ ዝጉ፤ ውሃ ገብቶ ሌሊት ሲረጋ ቱቦውን ከውስጥ ይበላዋል። በመጨረሻ ዲሹን ከአጥሩ ጋር በተለየ የብረት ገመድ እሰሩት፤ ማሰሪያው ሁሉ ቢፈታ እንኳ መሬት እንዳይደርስ። አጥሩ አሉሚኒየምና መስታወት ከሆነ ምንም ነገር አትሰሩበት።

ለመስታወቱ አጥር ያለው መንገድ በክብደት የሚቆም መሠረት ነው። የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ በኮንክሪት ሲሞላ ወደ 48 ኪሎ ይመዝናል። ሰዎች ይህ ይበቃል ብለው ያቆሙታል፤ አይበቃም። የባልዲው ታች 28 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ 80 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ የሚገፋ 12 ኪሎ ይገለብጠዋል። ቱቦውን ከ50 ሳንቲሜትር በላይ አታስረዝሙት፣ ባልዲውንም ከጎኑ ካለው ኮለን ወይም ከሌላ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩት። ካልሆነ ከቱቦላሬ የተበየደ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መስቀለኛ እግር አሠርታችሁ በየጫፉ ሙሉ ብሎኬት ጫኑበት። ኮንክሪቱን አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር አድርጋችሁ ቱቦውን በውሃ ልክ አቁማችሁ አፍስሱ፤ በማዳበሪያ ሸፍናችሁ ሳምንት አቆዩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ እርጥብ ኮንክሪት ያበላሻልና ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ይዋል።

ቱቦው በየትኛውም መንገድ ይያዝ፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ውሃ ልክ በሁለት ጎን፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከጎን፣ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ቱቦው ካዘመመ ዲሹን ወደ ግራና ቀኝ ባዞራችሁ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይለዋወጣል፤ ፍለጋው መጨረሻ የሌለው ይሆናል።

ዲሹን ከመስቀላችሁ በፊት ሦስት ነገር መሬት ላይ አዘጋጁ። መጀመሪያ ከፍታው። ከዲሹ ጀርባ ያለው መያዣ ላይ የዲግሪ ምልክት ካለ 67 ላይ አድርጉት። ርካሽ መያዣዎች አንዳንዶቹ 60 ላይ ያልቃሉና ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ እዩ። ምልክት ከሌለው፣ የተለመደው ሞላላ ዲሽ ሲግናሉን ከፊቱ አቅጣጫ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ ፊቱ ከቀጥታው ወደ ኋላ 43 ዲግሪ ያህል ሲጋደም ሳተላይቱን ያያል። ስልክ ላይ ያለው የማዘንበያ መለኪያ ይህን ይለካል። ዲሹ ከሚገባው ዝቅ ብሎ የሚያይ ቢመስላችሁ አትደንግጡ።

ሁለተኛው የኤልኤንቢው ሽክርክሪት ነው፤ እዚህ አገር ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያስፈጀው እሱ ነው። የአውሮፓ ቪዲዮ አይተው የሚሠሩ ሰዎች የኬብሉን መግቢያ ትክክል ወደ ታች አድርገው ያስራሉ። ለምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ግን የሳተላይቱ አግድም በእኛ ዓይን አግድም አይሆንም። ከደብረ ብርሃን ኢትዮሳት 60 ዲግሪ ያህል ተዘንብሎ ነው የሚደርሰን። ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ አንኮበር ስታዩ፣ የኬብሉ መግቢያ በሰዓት ፊት ላይ 6 ቁጥር ካለበት ወደ 4 ቁጥር እስኪመጣ ኤልኤንቢውን አዙሩ። ይህ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ልክ ሪሲቨሩ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው ሪሲቨሩ። ዲቪቢ-ኤስ2 የሚባለውን የስርጭት ዓይነት የሚቀበል ይሁን። የኤልኤንቢውን ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ 9750/10600 አድርጉ፣ 22 ኪሎኸርዙን አውቶ፣ ዳይሴክ ማብሪያ (ብዙ ኤልኤንቢ በአንድ ኬብል የሚያቀያይር) ከሌላችሁ ዳይሴኩን ዝጉ። ከዚያ የኢትዮሳትን ፍሪኩዌንሲ አስገቡ፦ 11105፣ አግድም ወይም ኤች፣ ሲምቦል ሬት 45000። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ሊቀይሩ ስለሚችሉ ካልያዘ መጀመሪያ ከጎረቤት ሪሲቨር ላይ የአሁኑን ቅዱ።

ሪሲቨሩ ሁለት መስመር ያሳያል፤ ጥንካሬና ጥራት። ጥንካሬው ዲሹ ግድግዳ እያየም 60 እና 70 ሊያሳይ ይችላል፤ የሚነግራችሁ ኬብሉ መገናኘቱንና ኤልኤንቢው መብራት ማግኘቱን ነው። የምትፈልጉት ጥራቱን ነው። ኮምፓሱን ከአጥሩ ብረት ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ አንብቡ፣ ብረት አጠገብ ይሳሳታል። ዲሹን ወደ 118 አዙራችሁ ከዚያ በጣም በዝግታ ወዲህና ወዲያ። ዝግታው ለምን እንደሆነ ልናገር፦ 60 ሳንቲሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 3 ዲግሪ ያህል፣ 90ው ደግሞ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። 50 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ቱቦ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሪሲቨሩም ሲግናሉን አውቆ ለማሳየት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ በጥቂቱ ገፋ አድርጋችሁ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ጋ ሆኖ ቁጥሩን በስልክ ቢያነብላችሁ ድካሙ በግማሽ ይቀላል። ጥራቱ ከታየ መጀመሪያ በአቅጣጫ፣ ቀጥሎ በከፍታ፣ በመጨረሻ በኤልኤንቢው ሽክርክሪት ከፍተኛውን ቁጥር ፈልጉ። ዳዶዎቹን ተራ በተራ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁት ዲሹን ይጎትተዋል፣ ቁጥሩም ይወርዳል።

ጥንካሬ ኖሮ ጥራት ዜሮ ከሆነ ምክንያቱ ከነዚህ አንዱ ነው፦ አቅጣጫው ስቷል፣ ኤልኤንቢው አልዞረም፣ ሶሌታው ጋርዷል፣ ወይም ፍሪኩዌንሲው ተለውጧል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኬብሉን ተጠራጠሩ።

ኬብሉ 75 ኦም፣ አርጂ-6 የሚባለው ነው። ሱቅ ውስጥ ማግኔት ይዛችሁ የመሃሉን ሽቦ ነካ አድርጉ፤ ከሳበው መሃሉ ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ መዳብ። ለአጭር ርቀት ይሠራል። ረጅም ሲሆንና ጫፉ ሲዝግ ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው ለቋሚው ፖላራይዜሽን 13 ቮልት፣ ለአግድሙ 18 ቮልት ይልካል። 18ቱ በመንገድ ላይ ከወደቀ ኤልኤንቢው ወደ ቋሚው ይመለሳል፤ አግድም ላይ ያሉ ጣቢያዎች ይጠፋሉ። ኢትዮሳት አግድም ላይ ስለሆነ በኬብል ድክመት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ኮኔክተር ከማሰራችሁ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። የውጭውን ሽፋን አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ላጡ፣ ጥልፉን ሽቦ ወደ ኋላ እጠፉ፣ የነጩን ፕላስቲክ ጫፍ ላጡና የመሃሉን ሽቦ አውጡ። ኮኔክተሩን ነጩ ፕላስቲክ ከውስጥ ወለሉ ጋር እኩል እስኪሆን አዙሩ፤ የመሃሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ። ከጥልፉ አንዲት ክር መሃሉን ከነካች ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል። ኤልኤንቢው ዞሮ ስለታሰረ የኬብሉ መግቢያ ወደ ጎን ያያል፣ ዝናብም በቀላሉ ይገባበታል፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉት። ተራው የኤሌክትሪክ ናስትሮ በደብረ ብርሃን የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ መካከል ቶሎ ይላቀቃል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘለበት ሠርቶ ይታጠፍ፤ ውሃው ከዘለበቱ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ወደ ሳሎን አይሄድም።

ለመግቢያው መስኮት አትብሱ። ጠፍጣፋ የመስኮት ኬብል የሚባል፣ ሁለቱም ጫፉ ኮኔክተር ያለው አጭር ቁራጭ አለ፤ በተንሸራታቹ አሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ተኝቶ መስኮቱ ይዘጋበታል። ትንሽ ሲግናል ይቀንሳል፣ ለግድግዳው ግን ዋጋ አለው። ኬብሉን ከመብራት ሽቦ ጋር አብራችሁ አትሰሩ፣ ማዕዘን ላይም አጥፋችሁ አትስበሩት።

ክረምቱ እንደ ከፍታው ይለያያል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ሳተላይቱም ወደ አናት ስለተጠጋ፣ ሲግናሉ ዝናብ ውስጥ የሚያልፈው አጭር መንገድ ነው። ወደ 1,280 ሜትር ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ከታች ስለሆነች መንገዱ ይረዝማል፣ በተመሳሳይ ዶፍ ምስሉ ቀድሞ ይሰባበራል። እዚያ 80 ወይም 90 ዲሽ ብመርጥ ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ላይ ከዝናቡ ይልቅ የሚያስቸግረው በረዶ ነው። ዲሹ ወደ ላይ ጋደም ስለሚል በረዶ ያርፍበታል፣ ሲቀልጥም ውሃው ምስሉን ያውከዋል፤ በለስላሳ መጥረጊያ ጥረጉት እንጂ በጠንካራ ነገር አትፋቁት። በኅዳር ጠዋት ውርጩ ከኤልኤንቢው ክዳን ላይ እየቀለጠ ምስሉ ቢቆራረጥ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። መብረቅ ሲጀምር ሪሲቨሩን ከመብራትም ከኬብሉም ንቀሉ።

ስትወጡ፣ ዲሹን ከመፍታታችሁ በፊት መያዣው ከዲግሪው ጋር የቆመበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ኤልኤንቢውም መያዣው ላይ እንዳለ አንድ መስመር ይሰመርበት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ከፍታውም ሽክርክሪቱም አዲሱ ቤት ላይ ያው ነው፤ የሚፈለገው አቅጣጫው ብቻ ይሆናል። ካላማዳሪያው ካለፈበት ቦታ ላይ አጥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የተፋቀ ካለ ቀለም ቀቡበት። ዩ ቡሎኖቹን ዘይት ቀብታችሁ ከዳዶዎቹ ጋር በአንድ ከረጢት አኑሩ። የኬብሉን ሁለት ጫፎች ቆርጣችሁ ጣሉ፤ አዲሱ ቤት ላይ አዲስ ኮኔክተር ይታሰርበታል።